ቮይ ቬኒ

አባቴ በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ቡካሬስት የተማረ ሰው ነበር። ሲያልፍ በሩማኒያ ቋንቋ የተጻፈ አንድ ደብተር ተወልኝ። እርሱን ለማንበብ ስል ከባንክ ሥራ መልስ በየማታው ከግሥ ጋር እታገላለሁ።

ኃላፊ ጊዜው አስገረመኝ። «አም ክንታት» ማለት «ዘፍኛለሁ» ነው፤ «አም» ብቻውን ሲቆም ግን «አለኝ» ማለት ነው። የእኛም «ዘፍኛለሁ» በጉያው «አለሁ»ን ይዟል። እነርሱ ያለፈውን በ«አለኝ» ያስሩታል፣ እኛ በ«አለሁ»።

ቋንቋው የላቲን ልጅ ቢሆንም እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በሲሪሊክ ፊደል ይጻፍ ነበር። በጥንታዊነቱ የሚጠቀሰው ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1521 ኔአክሹ የተባለ የክምፑሉንግ ሰው ለብራሾቭ ከተማ ሹም የላከው ደብዳቤ ነው። ገጣሚ ነኝ ባይ ነኝና ግጥም ቢሆን በወደድኩ፤ ነገሩ ግን የቱርክ ሱልጣን ጦር መንቀሳቀሱንና መርከቦች በዳኑብ ሽቅብ መምጣታቸውን የሚያስጠነቅቅ ወሬ ነው። አንድ ቋንቋ ለእኛ የደረሰው ሰው ለጎረቤቱ ስለ ሰጋ ነው።

የትንቢት ጊዜውን ባለፈው ሳምንት ጀመርኩ። «ቮይ» የተባለው ረዳት ግሥ «መፈለግ» ከሚለው የወጣ ነው፤ «ቮይ ቬኒ» ማለት «እመጣለሁ» ሲሆን፣ ሥሩ ግን «መምጣት እሻለሁ» ይላል። የአባቴ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ያለው ይኸው ነው። ለማን እንደ ጻፈው እናቴን ብጠይቃት፣ ቡናዋን ማፍላት ቀጠለች።