የእናቶች መቀነት፤ ስለ ጓሮ ዶሮ ታሪክ



ታሪክ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚሉን ነገሥታትና ጦርነቶች ናቸው። እኔም አስተማሪ ሳለሁ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የኖርኩት ይህንኑ ነው። ዛሬ ግን በየቤታችን ጓሮ ስትጭር ስለኖረችው፣ የታሪክ መጻሕፍት እምብዛም ስለማያነሷት ስለ ዶሮ ልጽፍ ተነሥቻለሁ። «ሰውየው በስደት ላይ ሆኖ ስለ ዶሮ ያወራል» ብሎ የሚስቅ ቢኖር አልቀየመውም። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነውና፣ እኔም የማልመው የእናቴን ጓሮ ነው።

ወደዚህ መጠለያ ከመምጣቴ በፊት በጅቡቲ ከተማ፣ ራስ ዲካ በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ ትልቅ ግቢ ለጥቂት ወራት ዘበኛ ሆኜ ሠርቻለሁ። በዚያው ግቢ ምግብ የሚሠሩ አንዲት የአገራችን ሴት ነበሩ። እኔ እትዬ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው መምህር ይሉኛል። ከወጥ ቤቱ ኋላ ሰባት ዶሮዎች ነበሯቸው። ከግንቦት እስከ መስከረም ያለው የከተማው ሙቀት ከ40 ዲግሪ እንደሚያልፍ የምናውቀው ነው። ዶሮ ደግሞ ላብ የላትም። የገዛ ሰውነቷ ሙቀት 41 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ፣ አየሩ ሲግል አፏን ከፍታ፣ ክንፏን ዘርግታ ከማለክለክ በቀር ሌላ ማብረጃ የላትም። በዚያ ወራት እንቁላሏ ያንሳል፤ ቅርፊቱም ይሳሳል። ስለዚህ እትዬ በየቀኑ ጆንያ በውሃ እየነከሩ በዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ያንጠለጥሉ ነበር። ከህንድ አገር ወዲህ ተሻግሮ ከተማውን የሞላው ባለግራጫ አንገት ቁራ ጫጩት እንዳይለቅምባቸውም፣ ሽንኩርት ሲልጡ እንኳ ዓይናቸው ከጓሮው አይነቀልም። የእንቁላሉን ገንዘብ በመቀነታቸው ጫፍ እየቋጠሩ ያጠራቅሙና አገር ቤት ላለች ልጃቸው ለደብተር ይልኩላት ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ሁለቱ አንገታቸው ተጠማዞ፣ አረንጓዴ ኩስ ጥለው ሞተው ተገኙ። ፈንግል ገብቶ ኖሯል። አምስቱ ግን ገና በእግራቸው የቆሙ ነበሩ። እኔም፣ «እትዬ፣ ዛሬውኑ ይሽጧቸው፤ ነገ ዋጋ የላቸውም» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና፣ «መምህር፣ የሚገዛኝ ማነው? እንደኔ ያለች ሴት አይደለችም? የኔ መቀነት ተፈታ ብዬ የሷንም ልፍታባት?» አሉኝ። በሦስት ቀን ውስጥ ሁሉም አለቁ። ጉድጓድ ቆፍሬ የቀበርኳቸው እኔ ነኝ። በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምክንያቱን ኋላ እነግራችኋለሁ፤ አስቀድሞ ግን ታሪኩን እንይ።

ዶሮ ራሷ ስደተኛ ናት። ዘሯ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ ከምትኖር ቀይ የዱር ዶሮ የሚመዘዝ ነው። ወደ አገራችን በመቼው ዘመን እንደገባች ፍንጭ የተገኘው በምሥራቅ ትግራይ በጉሎ መኸዳ አካባቢ፣ መዝበር በተባለ ጥንታዊ መንደር ነው። ኢትዮጵያዊቷ የአርኬዎሎጂ ምሁር ሕሊና ወልደኪሮስ ከባልደረባቸው ጋር ከዚያ የተገኘውን የዶሮ አጥንት መርምረው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት ዕድሜው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ820 እስከ 595 ባለው ዘመን ውስጥ እንደሚሆን አመልክተዋል። የመጣችው በግብጽ ወይም በቀይ ባሕር በኩል ሳይሆን አይቀርም። እንግዲህ ዶሮ ከአክሱም መንግሥት በፊት በአገራችን ጓሮ ትጭር ነበር ማለት ነው። ዛሬ የአገር ልጅ የምንላት «ሐበሻ ዶሮ» አንድ ቀን እንደኛው እንግዳ ሆና የሰው ደጅ የረገጠች ናት።

ለመሆኑ ይህች እንግዳ በቤተሰቡ ውስጥ ምን ሥራ ያዘች? በሬው የአባወራው ነው፤ መሬቱ የርስት ነው፤ እህሉ የጎተራ ነው። ዶሮዋ ግን በአብዛኛው የእናትየዋ ናት። እንቁላል ሸጣ ጨው፣ ጋዝና በርበሬ ስትገዛ ማንንም አታስፈቅድም። ልጅ ሲታመም፣ ደብተር ሲያልቅ፣ ለሐዘን ቤት የሚያዝ ነገር ሲጠፋ እጇ የሚዘረጋው ወደ ቆጡ ነው። የሐበሻ ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብቻ ነው፤ ነገር ግን መኖ ግዙልኝ አትልም። ጭራ ታድራለች፤ 21 ቀን ታቅፋ ጫጩቷን ራሷ ታሳድጋለች። ባለቤቲቱም ገበያዋን የምታውቀው በጾሙ ነው። በዐቢይ ጾም ዶሮና እንቁላል ገዢ ያጣሉ፤ ለፋሲካ፣ ለገናና ለእንቁጣጣሽ ዋጋቸው ይወጣል። ይህን ሁሉ ያለ መዝገብ በጭንቅላቷ የምታሰላ እናት የሒሳብ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም።

መቀነት ባለበት ሁሉ ግን ፈቺ አይጠፋም። የመጀመሪያው ፈቺ ወታደሩ ነበር። በድሮው ሥርዓት ወታደር በየገበሬው ቤት ይመደብና የሚቀለበው ከገበሬው ማዕድ ነበር። ለመንገደኛ ሹምና ለመልእክተኛም ድርጎ ይወጣል። በሬ ለማረድ የሚከብደው እንኳ ዶሮ ለማሳረድ አይከብደውም። ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1892 ገበሬው ለሠራዊቱ ስንቅ ከምርቱ ዐሥራት እንዲከፍል፣ ወታደሩም በገበሬው ቤት መስፈሩን እንዲተው ደነገጉ። ድንጋጌው በየስፍራው እኩል ሠርቷል ባይባልም፣ የወታደሩ እጅ በቆጡ ላይ መዘርጋቱ በደል መሆኑ በአዋጅ ታወቀ።

ሁለተኛው ፈቺ ባለመሬቱ ነበር። ጭሰኛው ከምርቱ ድርሻ ከማካፈሉ በላይ፣ በዓል በመጣ ቁጥር እጅ መንሻ ይዞ ደጅ ይጠናል። ጠቦት ለሌለው እጅ መንሻው ዶሮና እንቁላል ነው። እጅ መንሻውን ይዞ የሚሄደው አባወራው ሲሆን፣ የሚጎድለው ግን የሚስቱ ቆጥ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛውን ለባለመሬት ከነበረበት ግዴታ ነጻ አደረገው። ከዚያ በኋላ የመጣው መንግሥት ስንቱን በሌላ በኩል እንዳስለቀሰ እያንዳንዳችን እናውቃለን፤ ቢሆንም ለባለመሬት የሚሄደው ዶሮ በዚያ ቀረ።

ሦስተኛው ፈቺ በአዋጅ የሚመለስ አይደለም፤ ፈንግል ነው። ፈረንጆቹ እ.ኤ.አ. በ1926 በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ አካባቢ ስላገኙት በዚያችው ከተማ ስም ይጠሩታል። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ዓለማያና ጅማ የነበሩት የእርሻ ትምህርት ቤቶች ሮድ አይላንድ ሬድና ሌግሆርን የተባሉ የውጭ ዝርያዎችን አስገብተው ነበር። በሚገባ ከተቀለቡ በዓመት ከ200 እንቁላል በላይ የሚጥሉ ናቸው። ግን ፈንግል የአገር ልጅና የውጭ አገር ብሎ አይለይም። ያልተከተበ መንጋ ውስጥ ሲገባ በሳምንት ውስጥ አብዛኛውን ይጨርሳል። የታመመው ዶሮ ኩስ፣ የገዢው ጫማ፣ የነጋዴው ቅርጫት ሁሉ ያመላልሱታል። ከሁሉ ይልቅ የሚያዳርሰው ግን የእኛው ድንጋጤ ነው። የጎረቤት ዶሮ መሞቱ ሲሰማ ሁሉም ገና ያልሞተውን እየያዘ ወደ ገበያ ይሮጣል። ቆሞ የሚሄደው ዶሮ በሽታውን በሆዱ ይዞ ወደ ሌላ መንደር፣ ወደ ሌላዋ እናት ቆጥ ይገባል።

አሁን ያ ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝን ነገር ልንገራችሁ። በ2000 ዓ.ም. ክረምት ዐሥረኛ ክፍል ጨርሼ ለመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ተመረጥኩ። የቤታችን ጎተራ ባዶ ነበር፤ የእናቴ ዶሮዎች ግን ዐሥራ አራት ነበሩ። ፍልሰታ እንደተፈታ በላይኛው ሰፈር ፈንግል ገባ ተባለ። በማግስቱ ጠዋት ከእኛዎቹ አንዷ ጥጓን ይዛ ተኮራመተች። እናቴ ምንም አልተናገረችም። ዐሥራ ሦስቱን እግራቸውን አስራ፣ እኔን አሸክማ ገበያ ወጣች። የእንቁጣጣሽ ሰሞን ነበርና ዋጋው ጥሩ ነበር። አራቱን ዶሮ የገዛችን አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ነበረች፤ ለእርድ ሳይሆን ለእርባታ እንደምትፈልጋቸው እየነገረች ገንዘቧን ከመቀነቷ ፈትታ ቆጠረችልን። እናቴ ወደ መሬት አየች። እኔም ወደ መሬት አየሁ። በዚያ ገንዘብ የአውቶቡስ ተሳፈርኩ፤ ብርድ ልብስና ጫማ ገዛሁ፤ ሦስት ዓመት ተምሬ መምህር ተባልኩ። የዚያች ሴት ቆጥ ምን እንደሆነ ተመልሼ አልጠየቅሁም።

እናቴን ለመክሰስ አይደለም ይህን የምጽፈው። ድኻ እናት ልጇንና የማታውቃትን ሴት በሚዛን ላይ ብታስቀምጥ ማን እንደሚያመዝን ይታወቃል። ነገር ግን እኔ ራስ ዲካ ላይ «ቶሎ ይሽጧቸው» ያልኩት፣ ያን ያህል ተምሬም የተማርኩት ያንኑ የገበያ ቀን ብቻ እንደነበረ አሳየኝ። ፊደል ያልቆጠሩት እትዬ ግን አስተማሪውን አስተማሩት። ወታደሩም ባለመሬቱም የሰው መቀነት ሲፈቱ ለራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። እኛም ፈንግል የያዘውን ዶሮ ስንሸጥ፣ በአዋጅ የተሻረውን ሥራ ያለ አዋጅ እንሠራዋለን።

«ታዲያ በሽታው የእግዜር ቁጣ ነው፤ ምን ይደረጋል?» የሚል ይኖራል። ሌላ ታሪክ ላስታውሰው። በአያቶቻችን ዘንድ ክፉ ቀን የተባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 የዘለቀው ረሀብ የተጀመረው በከብት ደስታ በሽታ ነበር። በሽታው በምጽዋ በኩል ገብቶ የአገሩን በሬ ቢፈጅ፣ ገበሬው የሚያርስበት አጥቶ ሕዝብ አለቀ። ያም የእግዜር ቁጣ ተብሎ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1990ዎቹ፣ እዚሁ ጎረቤታችን በአፋር ምድር ከአርብቶ አደሮቹ ከራሳቸው መካከል የተመረጡ ሰዎች ሠልጥነው፣ ሙቀት የሚችል ክትባት ተሸክመው በየበረሃው ከብት ከተቡ። ከ1995 በኋላ በሽታው በኢትዮጵያ አልታየም፤ በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ያን ሥራ የሠራው የእኛው ዓይነት ሰው ነው።

ለፈንግልም እንዲሁ ሙቀት የሚችል ክትባት አለ። በዓይን አንዲት ጠብታ ይሰጣል፤ በየሦስት ወይም በየአራት ወሩ ይደገማል። በአገራችን ቢሾፍቱ የሚገኘው የእንስሳት ጤና ተቋም ያመርተዋል። የታመመውን አያድንም፤ የሚረዳው ጤነኛውን ብቻ ነው።

በመጠለያችን በየጎጆው ጥግ ሁለት ሦስት ዶሮ የሚያረቡ እናቶች እየበዙ ነው። ስለዚህ የሚከተለውን አሳስባለሁ። ክትባቱ እንዲመጣልን በኮሚቴያችን በኩል ለሚመለከታቸው እንጠይቅ፤ ማንበብ የሚችል ወጣትም ጠብታውን ማንጠብ ይማር። ከውጭ የተገዛ ዶሮ ሁለት ሳምንት ለብቻው ይታሰር። ዶሮ የሞተባት እናት አትደብቅ፤ አትሽጥም፤ ጎረቤት ጉድጓዱን ይቆፍርላት። ከሁሉ በላይ ግን፣ ዶሮዎቿን የቀበረች እናት ብቻዋን አትክሰር። ፈንግሉ ካለፈ በኋላ እያንዳንዱ ቤት አንዳንድ ጫጩት ቢያዋጣላት መቀነቷ እንደገና ይቋጠራል። እንዲህ ያለ ዕድር ቢኖር ኖሮ እናቴም በዚያ ቀን ወደ መሬት አታይም ነበር።

ዕድሩ በመጠለያችን ከቆመ የመጀመሪያዋን ጫጩት የማዋጣው እኔ ነኝ። ለማን እንደምከፍል አውቃለሁ፤ ስሟን ግን አልጠየቅኋትም።

ቸር ይግጠመን።