ወይብ በስቶ የገባበት ደጅ

ከባሌ ተራሮች የሚነሣው ወይብ ወንዝ ወደ ምሥራቅ ሲወርድ አንድ ቦታ ላይ ከዓይን ይሰወራል። ከፊቱ የቆመውን የኖራ ድንጋይ ገደል አልዞረውም፤ በስቶ ገባበት። የሚገባበት አፍ አዮ መኮ ይባላል፤ የሚወጣበት ደግሞ ሆልቃ፣ በአፋን ኦሮሞ ዋሻ ማለት ነው። በሁለቱ መካከል እየተጠማዘዘ የሚሄደው የዋሻ መንገድ፣ ቅርንጫፎቹ ሲደመሩ፣ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በኢትዮጵያ ከሚታወቁት ዋሻዎች ሁሉ ይረዝማል።

ይህ ሶፍ ዑመር ነው።

በውስጡ ካለው ሁሉ የሚያስደንቀው የዓምዶች አዳራሽ ነው። ዓምዶቹን ያየ ሰው ከጣሪያ በሚንጠባጠብ ውሃ የተገነቡ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ውሃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ለስላሳ አሲድ ይሆናል፤ በድንጋዩ ስንጥቅ እየገባ ዳርና ዳሩን ያሟሟል። ስንጥቁ መንገድ ሆነ፤ መንገዱ ሰፍቶ አዳራሽ ሆነ፤ ያልሟሟው ድንጋይ ጣሪያውን ተሸክሞ ቀረ። ዓምዶቹ የተጨመሩ ሳይሆኑ የተረፉ ናቸው።

የኖራ ድንጋይን የሚቀርጸው እንዲህ ያለ ውሃ ብቻ አይደለም። በዌልስ የፔምብሩክሺር ጠረፍ ላይ የቆመው፣ አረንጓዴው የዌልስ ድልድይ የሚባለው ቅስትም የኖራ ድንጋይ ነው። እሱን የቀረጸው ግን ባሕር ነው፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 ኦፊሊያ የተባለው ማዕበል ከአካሉ ገንጥሎ ወስዶበታል። ሶፍ ዑመር ከባሕር ርቆ በክረምት ሙላት ይፈተናል።

ሰዎች ዋሻውን መቼ እንዳገኙት የሚናገር ጽሑፍ የለም፤ ትውፊት ግን አለ። ሼህ ሶፍ ዑመር ከተከታዮቻቸው ጋር ተጠልለው ጸለዩበት ይባላል፤ ከእስልምና በፊትም የኦሮሞ አምልኮ ቦታ እንደነበር ይነገራል። ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚሄዱ ተሳላሚዎች ጫፉ መንታ የሆነ በትር ይዘው ወደዚህም ጎራ ይላሉ። አሜሪካዊው ተጓዥ አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1894 በጀመረው ጉዞው በባሌ በኩል አልፎ ያየውን እ.ኤ.አ. በ1897 መጽሐፍ አድርጎ አሳትሟል። የዋሻው ካርታ በወጉ የተነሣው ግን እ.ኤ.አ. በ1972 በመጣ የእንግሊዝ ቡድን ነው። ከዘመናት ጸሎት አንጻር ትናንት ማለት ነው!

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 ሶፍ ዑመርን በዩኔስኮ ጊዜያዊ መዝገብ አስገባች፤ ተፈጥሯዊም ባህላዊም ቅርስ ተብሎ መመዝገቡ ትክክል ነው፣ ውሃውን ከጸሎቱ መለየት አይቻልምና። ወይብ የሚነሣበት የባሌ ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ቅርስ ሆኗል። ዋሻው ግን ገና ተራውን እየጠበቀ ነው።