ጥያቄና ዝምታ በጣና ዳር፦ የወይጦ ማኅበረሰብና የእኩልነት ንግግራችን

መግቢያ

ስለ ዘር ልዩነትና ስለ ፍትሕ በአማርኛ የተጻፈው ጥቂት አይደለም። ይሁንና አብዛኛው ፊቱን ወደ ውጭ ያዞረ ነው። የአድዋን ድል (1888 ዓ.ም.) ለጥቁር ሕዝብ ክብር ምስክር አድርገን እንጠቅሳለን። የፋሽስት ኢጣሊያ መንግሥት በ1929 ዓ.ም. ኢጣሊያዊና «ተገዥ» አብረው እንዳይኖሩ ያወጣውን ሕግ በምሬት እናስታውሳለን። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመስከረም 1956 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ፊት ቆመው ሰውን በቆዳው ቀለም መለየትን ያወገዙበትን ንግግርም በኩራት እናነሣለን። በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች ተበዳዮች ወይም የተበዳይ ጠበቆች ስለሆንን ንግግሩ አይከብደንም።

የሚከብደው የቤት ውስጡ ነው። የእኛ ወገን በላይ የተቀመጠበት፣ ሌላው ከመሶቡ ርቆ የቆመበት ታሪክ ሲነሣ ቃል ያጥረናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ችግር አንድ አብነት ወስዶ መመርመር ነው። አብነቱም በጣና ሐይቅ ዙሪያ የሚኖረው የወይጦ ማኅበረሰብ ነው። ማኅበረሰቡ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ሲጠየቅ የኖረ ሆኖ ሳለ፣ በተጠያቂውና በጠያቂው መካከል እውነተኛ ንግግር የተደረገበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። ጉድለቱ ጥያቄ በማነሱ ሳይሆን በአጠያየቁ መሆኑን ለማሳየት እሞክራለሁ።

ታንኳውና ሠሪው

ወይጦዎች በጣና ዳር መንደሮች፣ በባሕር ዳር ከተማም ጭምር ይኖራሉ። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አማርኛ፣ ሃይማኖታቸው እስልምና ነው። ስሙ ለረዥም ዘመን እንደ ስድብ ሲወረወርባቸው የኖረ ሲሆን፣ ዛሬ ብዙዎቹ «ነገደ ወይጦ» የሚለውን መጠሪያ ይመርጣሉ። የቀድሞ መተዳደሪያቸው ጉማሬ ማደን፣ ዓሣ ማጥመድ፣ የወፍጮ ድንጋይ መጥረብ፣ ከደንገልም ታንኳና ልዩ ልዩ የስፌት ዕቃ መሥራት ነበር።

ክርስቲያኑ ጎረቤታቸው የጉማሬ ሥጋ ስለሚበሉ አይነኬ አደረጋቸው። ሌላው ሙስሊምም በዚሁ ምክንያት እንደ እውነተኛ የሃይማኖት ወንድም ሳይቀበላቸው ቆየ። ስለዚህ በአንድ ሐይቅ ዳር፣ በአንድ ቋንቋ እየተነጋገሩ፣ በአንድ ገበያ እየተገበያዩ፣ አብሮ መብላትና መጋባት ግን እንደ ነውር የሚቆጠርበት ሥርዓት ጸና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። የተናቀው ሰውዬው እንጂ የእጁ ሥራ አልነበረም። የሞተር ጀልባ ከመምጣቱ በፊት ወደ ደብረ ማርያም፣ ወደ ክብራን ገብርኤል፣ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ የሚሻገረው መነኩሴም ሆነ እህል በደንገል ታንኳ ይጓዝ ነበር። ማገዶው ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ገበያ የሚመጣው በታንኳ ነበር። ከጉማሬው ቆዳ ጋሻና አለንጋ ይሠራ ነበር። ወይጦው የጠረበው ወፍጮ የፈጨው ዱቄት እንጀራ ሆኖ ሲቀርብ፣ ከእንጀራው ዙሪያ የማይቀመጠው የወፍጮው ባለሙያ ብቻ ነበር። ቶር ሄየርዳል የተባለው ኖርዌያዊ በ1961 ዓ.ም. «ራ» በተባለች የደንገል ጀልባ አትላንቲክን ለማቋረጥ ሲነሣ ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነው። ሣሩ በዓለም ጋዜጦች ሲነሣ፣ ትውልድ በትውልድ ሣሩን እያሰረ የኖረው ሕዝብ በሀገሩ ከቁጥር አልገባም።

በስቅላት ፊት የቀረበ ጥያቄ

ስለ ወይጦ ቋንቋ ከተጻፉት ሁሉ ቀዳሚ የሆነው የስኮትላንዳዊው ተጓዥ የጄምስ ብሩስ ምስክርነት ነው። ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ገደማ በአካባቢው ያለፈ ሲሆን የጉዞ መጽሐፉን በ1790 አሳትሟል። አማርኛ የሚችል ሰው ነበር። የወይጦ ቋንቋ በሀገሩ ከሚነገሩት ሁሉ ፈጽሞ የተለየ መሆኑን ዘግቦ፣ የተረጋገጠ ነገር ማግኘት ግን እንደተሳነው ይናገራል። ንጉሡን አግባብቶ ሁለት ወይጦዎች እንዲመጡለት አደረገ። ሰዎቹ ግን በስቅላት ቢያስፈራሯቸውም ጥያቄውን አልመለሱም፤ አልተረዱምም።

ይህ ዘገባ በሥነ ጽሑፍ ተማሪ ዓይን ሊነበብ ይገባዋል። «አልመለሱም» እና «አልተረዱም» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ካልተረዱ ጉድለቱ አስተርጓሚ ያላዘጋጀው የጠያቂው ነው። ተረድተው ካልመለሱ ደግሞ ዝምታው ራሱ መልስ ነው። የገመዱን ጫፍ የያዘ ሰው ስለ ቋንቋህ ንገረኝ ሲል፣ ተጠያቂው የሚሰማው የቋንቋውን ጥያቄ ሳይሆን የገመዱን ነው። ብሩስ የጻፈው የሰዎቹን አለመናገር ነው፤ እንዳይናገሩ ያደረጋቸውን ሁኔታ ግን እንደ ተራ ነገር አልፎታል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ምሁራን ያገኙት ሌላ ሁኔታ ነው። ኦይገን ሚትቮኽ እ.ኤ.አ. በ1907 ወይጦዎች ሁሉ አማርኛ እንደሚናገሩ ጻፈ። ማርሴል ግሪዮል በ1928 ይህንኑ አረጋገጠ። ሆኖም አንድ ወይጦ በሞተው ቋንቋ ዘፈን ሲያዜም ሰምቷል። ዘፋኙ ራሱ የዘፈኑን ትርጉም አያውቅም፤ ከቋንቋው በአገልግሎት ላይ የቀሩት ጥቂት ቃላትም የጉማሬን የአካል ክፍሎች የሚሰይሙ ነበሩ። ማርሴል ኮኽን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1939 እንዳሳየው፣ ወይጦዎች የሚናገሩት አማርኛ ባዕድ ሰው እንዳይገባው ተብሎ ድምፁ ወይም ፍቺው የተጣመመ ብዙ ቃል ነበረው። የወፍ ቋንቋ ከምንለው ጋር የሚቀራረብ ነው።

እነዚህን ሦስት ምስክርነቶች ስናያይዝ አንድ የታሪክ መስመር ይታያል። በመጀመሪያ የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው። ቋንቋቸው ጠፍቶ አማርኛ ሲተካ፣ በአማርኛ ውስጥ ለራሳቸው አንዲት ጓዳ ሠሩ። ከአሮጌው ቋንቋ በመጨረሻ የተረፈውም ለመናቃቸው ሰበብ የሆነውን አውሬ ሲያርዱና ሲከፋፈሉ የሚጠሩበት ቃል ነበር። ሌላው «ጸያፍ» ያለው ሥራ ለቋንቋቸው የመጨረሻ መጠጊያ ሆነ ማለት ነው። ወይጦ የኩሽ ይሁን የሌላ የቋንቋ ቤተሰብ አባል ዛሬ ቁርጥ አድርጎ መናገር ያልተቻለው የቃላት ማስረጃ ስለሌለ ነው። ማስረጃው ደግሞ በወቅቱ ያልተሰበሰበው ጠያቂው ከስቅላት ጋር ስለመጣ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ቃላት የሚመሰክሩት

አማርኛ የፍትሕ ቋንቋ ሊሆን የሚችለው በራሱ ውስጥ ያለውን የደረጃ ታሪክ ሲያውቅ ነው። ለአብነት «ጨዋ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ዛሬ ጨዋ ማለት ሥርዓት ያለው፣ ሰው አክባሪ ማለት ነው። ነገር ግን ቃሉ በባርነት ዘመን ከ«ባሪያ» በተቃራኒ የቆመ፣ ነፃ ሆኖ የተወለደን ሰው የሚያመለክት ነው። መልካም ጠባይን የምናመሰግንበት ቃል ትውልድን የምናጣራበትም ቃል ነው ማለት ነው። «ጠይብ» ደግሞ ከግእዙ «ጠቢብ» የወረደ ነው። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚያወጣው ሰው በቃሉ ጥበበኛ ሆኖ ሳለ፣ በአነጋገራችን ቡዳ ተብሎ ተፈራ፤ ተናቀ። በጣና ሰሜን በጎንደር ዙሪያ የነበሩ ቤተ እስራኤላውያን አንጥረኞችና ሸክላ ሠሪዎች ይህን ስም ተሸክመው ኖረዋል። «ዘር» የሚለውም ቃል የቆዳን ቀለም ሳይሆን የሚዘራን ፍሬ፣ ትውልድን የሚያመለክት ነው። ስለሆነም «እኛ ሁላችን ጠይሞች ስለሆንን የዘር መድልዎ የለብንም» የሚለው ክርክር በራሱ በአማርኛው ቃል ይፈርሳል።

ችግሩ ለቀደሙት ገዥዎችም ስውር አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዝዘዋል። የባርነት ሥርዓትም በ1934 ዓ.ም. አዋጅ በሕግ ተሽሯል። ሕጉ ግን ንግግርን አልተካም። የታሪክ ምሁሩ አብዱሰመድ አህመድ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ከባሕር ዳር ማዶ ባለችው በዘጌ በሃያኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ የቡናው ሀብት የተመሠረተው በካህናት ባለይዞታዎችና በባሮች ጉልበት ላይ ነው። አዋጁ ባሪያውን ነፃ አወጣ፤ የማን የልጅ ልጅ ከማን የልጅ ልጅ ጋር እንደሚጋባ ግን በአዋጅ አይወሰንም። ይህ በጓዳ፣ በሽማግሌ፣ በሹክሹክታ ይወሰናል። በአደባባይ ስለማይነገርም ማንም አይጠየቅበትም።

ሕጉና የሐይቁ ዳር

በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን ለአራሹ አደረገ። ወይጦው ግን ኑሮው በውኃና በደንገል ላይ እንጂ በእርሻ ላይ አልነበረም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ሲደነግግ፣ በዘር፣ በቀለም፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት፣ በትውልድም ሆነ በሌላ አቋም መለየትን ከልክሏል። አንቀጽ 39 ደግሞ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ የሚባለውን ሲተረጉም የሚግባቡበት የጋራ ቋንቋንና በአብዛኛው የተያያዘ መልክዐ ምድርን ከመመዘኛዎቹ መካከል ቆጥሯል። በአማራ ክልል እንደ አዊ፣ ኽምራና ኦሮሞ ያሉት ሕዝቦች በዚህ መንገድ የራሳቸውን ዞን አግኝተዋል። የራሱ ቋንቋ የጠፋበት፣ በሐይቁ ዙሪያ ተበታትኖ የሚኖር ማኅበረሰብ ግን በመመዘኛው ደጃፍ ላይ ይቆማል። ሰውየው በደል ያጠፋበትን ነገር «አምጣና አሳይ» እንደ መባል ነው።

ነገሩ የስም ብቻ አይደለም። ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋና በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው የፖሊቴክኒክ ተቋሟ ሰው ከየአቅጣጫው ከሳቡ ወዲህ ያለማቋረጥ አድጋለች። የሐይቁ ዳር ዋጋው ንሯል። ረግረጉ ለእርሻ ሲመነጠር ደንገሉ ተመናምኗል፤ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የታየው እምቦጭም የዓሣ አጥማጁንና የታንኳውን መንገድ ዘግቷል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሥፍራነት ተመዝግቧል። የሐይቁ ጥበቃ ሁላችንንም የሚመለከት ነው። ሆኖም በጥበቃውም ሆነ በልማቱ ስብሰባ ላይ፣ ደንገሉን በየዓይነቱ ለይቶ የሚያውቀው ሰው ከተጠሩት የመጨረሻው ወይም ያልተጠራው ከሆነ፣ የመሶቡ ሥርዓት ወደ አዳራሽ ተዛወረ እንጂ አልተለወጠም።

ማጠቃለያ

«የተዳፈነውን እሳት መቆስቆስ ለምን አስፈለገ? በብሔር ስም ብዙ ደም በፈሰሰበት ዘመን አዲስ ቁርሾ መጨመር አይሆንም ወይ?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። ይሁን እንጂ ዝምታውን ሰላም ብሎ የሚጠራው ብዙውን ጊዜ ዝምታው ያልጎዳው ወገን ነው። ስለ በደል መናገር ቂም የሚሆነው የተናጋሪው ወገን ብቻ ተበዳይ ሆኖ ሲቀርብ ነው። የራስን ወገን ድርሻ ጨምሮ ሲነገር ግን ሰምቶ የሚመልስ ይገኛል።

የደቡብ አፍሪካ ተሞክሮ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። እ.ኤ.አ. በ1996 ችሎቱን የጀመረው የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን ተበዳዮች በየራሳቸው ቋንቋ እንዲናገሩ አስተርጓሚ አቆመ። ብሩስ ያላደረገው ይህንን ነው። ነገር ግን የካሳው ጉዳይ ዘግይቶ፣ ለተበዳዮች አንድ ጊዜ የሚከፈል 30,000 ራንድ የተወሰነው በ2003 ነበር። ብዙዎች ቅር ተሰኝተዋል። ሰምቶ ባዶ እጅ መመለስም የራሱ ቁስል አለው። በሀገራችን በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 የሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን ሲቋቋም የምክክር ቃል ወደ አደባባይ ወጥቷል። ምክክር የትልልቆቹ ወገኖች ድርድር ብቻ ከሆነ የወይጦ ዓይነቱ ታሪክ እንደገና ያልፈዋል።

ከላይ ከታየው ታሪክ ሦስት ነገሮች ይወሰዳሉ። አንደኛ፣ ተጠያቂው ያለ ፍርሃት «አልናገርም» ማለት ካልቻለ የሚናገረው እውነት ነው ብሎ መያዝ አይቻልም። ሁለተኛ፣ ሰው በምን ስም እንደሚጠራ የሚወስነው ራሱ ነው። ሦስተኛ፣ ንግግሩ እንደ መሬት፣ እንደ ሐይቅ ዳር፣ እንደ ትምህርት ቤት ወንበር ያለ የሚጨበጥ ነገር ካልነካ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

እኛ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ደግሞ የራሳችን ሥራ አለብን። በየዓመቱ ተማሪዎቻችን ተረት፣ ዘፈንና ሥነ ቃል ለመሰብሰብ ወደ ሐይቁ ዳር ይወርዳሉ። መቅረፀ ድምፁን ከመክፈታቸው በፊት የመጡበትን ምክንያት ይንገሩ፤ የሰበሰቡትን ለባለቤቶቹ መልሰው ያንብቡላቸው፤ ለመብላት ሲጋበዙ አብረው ይብሉ። ስለ ወይጦ ሽማግሌ ከመጠየቃቸው አስቀድሞም በየቤታቸው «አያቶቻችን ከእነማን ጋር አይበሉም ነበር? ለምን?» ብለው ጠይቀው ይምጡ። የዚህ ጥያቄ መልስ ከጣና ማዶ ካለው ዝምታ ይልቅ ለእኛ ቅርብ ነው።