ከስብሰባ ጠረጴዛ እስከ ፑሽ ኖቲፊኬሽን፦ የኮድ ግምገማ አጭር ታሪክ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ የሙያ ልማድ ታሪክ ነው፤ ይኸውም አንዱ የጻፈውን ኮድ ሌላው ሳያነበው ወደ ሥራ አለማስገባት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልማዱን በሥርዓት ያዋቀረው የአይቢኤሙ ማይክል ፋጋን ነበር። በ1976 ባሳተመው ጽሑፍ ሰብሳቢ፣ ንድፍ አውጪ፣ ኮድ ጸሐፊና ፈታሽ በድምሩ 4 ሰዎች ሥራውን አስቀድመው አጥንተው በመገናኘት ስሕተቱን እንዲለቅሙ ሐሳብ አቀረበ። አንዱ ስብሰባ ከ2 ሰዓት እንዳይበልጥም መከረ። መነሻው ግልጽ ነው፦ ስሕተት ዘግይቶ በተገኘ ቁጥር ማረሚያው ይወደዳል።

ኋላ ግምገማው ከጠረጴዛ ወደ ኮምፒውተር ገጽ ተዛወረ። ለአንድሮይድ ፕሮጀክት የተሠራው ጌሪትም ሆነ ጊትሃብ፣ ገምጋሚው ባለበት ሆኖ የተለወጡትን መስመሮች እንዲያነብ አስቻሉ። ፍጥነት ተገኘ፤ እይታው ግን ጠበበ።

ጥበቱ ጎልቶ የሚታየው በፑሽ ኖቲፊኬሽን ላይ ይመስለኛል። አፕል አገልግሎቱን በ2009፣ ጉግል በ2010 ለመተግበሪያ ሠሪዎች ከፈቱ። የተሳሳተ ድረ ገጽ ታርሞ ይተካል፤ ስልክ ያቃጨለ መልእክት ግን «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እንዲሉ ነው። አፕል የሙከራውንና የእውነተኛውን አገልግሎት አድራሻ ለያይቷል። ሆኖም ገምጋሚው የሚያየው የተለወጠውን መስመር እንጂ በሌላው ጫፍ ያለውን የተቀባዮች ብዛት አይደለም።

በየካቲት 2020 በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ የሳምሰንግ ጋላክሲ ስልኮች «1» የሚል ትርጉም የለሽ መልእክት ደረሳቸው። ኩባንያው በውስጥ ሙከራ ወቅት ሳይታሰብ የተላከ መሆኑን ገለጸ። ከዚያ ቀደም፣ ጥር 16 ቀን 2018፣ የጃፓኑ ኤንኤችኬ ሰሜን ኮሪያ ሚሳይል የተኮሰች እንደሚመስል በስልክ መተግበሪያው አስታወቀ፤ በደቂቃዎች ውስጥም አስተባበለ። ጣቢያው ምክንያቱን የመሣሪያ አጠቃቀም ስሕተት አለው። እንግዲህ ኮድ ማንበብ ብቻውን አይበቃም፤ የተሳሳተው አዝራር በቀላሉ እንዳይነካ ሆኖ መነደፍም አለበት።

ስለዚህ የሙከራ መተግበሪያ ኮድ የሚገመግም ሰው ሦስት ነገር ይጠይቅ እላለሁ፦ መልእክቱ ለማን ይደርሳል? ከየትኛው ሰርቨር ይነሣል? ማን ያስቆመዋል? ፋጋን ፈታሹን ከኮድ ጸሐፊው ጋር ያስቀመጠው በከንቱ አልነበረም። ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ የለመደ ሕዝብ እውነተኛው ሲመጣ ስልኩን ላያነሣ ይችላል።