ክለቡ የማን ነው? የኦምዱርማን እግር ኳስና የባለጸጎች ገንዘብ

የካርቱም ስም በአፍሪካ እግር ኳስ ታሪክ ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ አለው። በ1957 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የተመሠረተው በዚያች ከተማ ነው፤ ከመሥራቾቹም አንዷ አገራችን ነበረች። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም በዚያው ዓመት እዚያው ተካሂዶ ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ወስዳለች። ይህ በብዙ ተማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ብዙ ያልተነሣው ጥያቄ ግን የክለብን ወጪ የሚሸፍን ባለጸጋ ለምን ይከፍላል? በምላሹስ ምን ያገኛል? የሚለው ነው።

በአውሮፓ የክለብ ባለሀብቶችን ዓላማ በሁለት ከፍሎ ማየት ይቻላል። አንደኛው ትርፍ ነው። የአሜሪካው የግሌዘር ቤተሰብ በ2005 ማንቸስተር ዩናይትድን የገዛው ብዙውን ገንዘብ ተበድሮ ሲሆን፣ ዕዳውም ክለቡ ላይ ተጭኗል። ሁለተኛው ስምና ተሰሚነት ነው። የአቡዳቢው ሼክ መንሱር በ2008 ማንቸስተር ሲቲን ሲገዙ፣ ከገንዘቡ ትርፍ ይልቅ የአገራቸው ስም በዓለም መጠራቱ የበለጠ ጥቅም ሆኖ ታይቷል። ዓላማቸው ቢለያይም ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ ባለቤቱ ክለቡን እንደ ማንኛውም ንብረት መሸጥ ይችላል።

በሱዳን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሁለቱ ታላላቅ ክለቦች የሚገኙት ከካርቱም ማዶ፣ ከነጭ ዓባይ ባሻገር ባለችው በኦምዱርማን ነው። አልመሪክ መነሻውን ከ1908 ይቆጥራል፤ ዛሬ የሚጠራበትን ስም ያገኘው በ1927 ነው። አልሂላል ደግሞ በ1930 ተመሠረተ። ሁለቱም የተቋቋሙት በአባላት ማኅበርነት እንጂ በአንድ ሰው ንብረትነት አይደለም። ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት አባላቱ ናቸው። በ1960ዎቹም ሁለቱም የየራሳቸውን ስታዲየም በዚያው ሠርተዋል።

መንግሥት ደግሞ ይህን ኃይል ችላ ብሎ አያውቅም። በ1976 ፕሬዚዳንት ኒሜሪ «የብዙኃን ስፖርት» በሚል መርህ ክለቦቹን አፈረሱ፤ ይሁን እንጂ ክለቦቹ ብዙ ሳይቆዩ ተመለሱ። ከዚያም በኋላ ምርጫ ሲጓተት ወይም አመራር ሲፈርስ የስፖርት ባለሥልጣናት ጊዜያዊ አስተዳዳሪ ኮሚቴ የሚሾሙበት ጊዜ ብዙ ነበር። ስለዚህ የክለብ ፕሬዚዳንትነት በአንድ በኩል የሕዝብን ፍቅር፣ በሌላ በኩል ከመንግሥት ጋር መቀራረብን የሚያስገኝ ወንበር ሆነ።

በ2000ዎቹ ይህን ወንበር ታላላቅ ነጋዴዎች ያዙት። አልሂላልን የመሩት ሳላህ ኢድሪስ፣ አሜሪካ በነሐሴ 1998 በሚሳይል የደበደበችው የአልሺፋ መድኃኒት ፋብሪካ ባለቤት ነበሩ። አልመሪክን ጀማል አልዋሊ ለረጅም ዓመታት መሩት። ከ2014 ጀምሮ ደግሞ «አልካርዲናል» በሚል መጠሪያ የታወቁት ነጋዴ አሽራፍ ሲድ አሕመድ አልሂላልን ይዘው ስታዲየሙን አሳድሰዋል።

የእነዚህ ሰዎች ስልት ምን ነበር? ዋነኛው የውጭ ተጫዋች መግዛት ነው። በ2008 የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ኮከብ ግብ አግቢ የነበረውን ናይጄሪያዊ ስቲቨን ዎርጉን አልመሪክ ከኤኒምባ አስመጣ። በ2011 ደግሞ ስመ ጥሩው የግብፅ በረኛ ኢሳም አልሐዳሪ ወደዚያው ክለብ ገባ። ተጫዋች መግዛት ዛሬ ከፍሎ ዛሬ መመስገን ነው፤ ወጣት ማሠልጠን ግን ዘርቶ ብዙ ዓመት መጠበቅን ይጠይቃል። የሥልጣን ዘመኑ በምርጫ ወይም በሹመት የሚቆረጥ ፕሬዚዳንት የትኛውን እንደሚመርጥ መገመት አያዳግትም።

ውጤቱስ? በ2007 አልመሪክ በኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ለፍጻሜ ደርሶ በቱኒዚያው ስፋክሲያን ተሸነፈ፤ በዚያው ዓመት አልሂላል ከሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ አላለፈም። አንድ የሱዳን ክለብ የመላ አፍሪካን ዋንጫ ያገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱም አልመሪክ በ1989 የዋንጫ አሸናፊዎችን ዋንጫ የወሰደበት ሲሆን፣ ጊዜውም ከነዚህ ባለጸጎች ዘመን በፊት ነው። ከዚህ ተነሥቶ ገንዘብ አይጠቅምም ማለት ስሕተት ይሆናል። ገንዘቡ ክለቦቹን በአህጉሩ ውድድር ላይ አቆይቷል። ነገር ግን በአንድ ሰው ኪስ ላይ የቆመ ቤት ሰውዬው ሲሄድ መናወጡ አይቀርም።

በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ሲፈነዳ ሁለቱም ክለቦች ከስታዲየማቸው ተፈናቀሉ። የ2024/25 የውድድር ዘመን በሞሪታንያ ሊግ ተጫወቱ። በስደትም የባለጸጎች እጅ አስፈላጊ ነበር። ይሁን እንጂ ተጫዋቹም ፕሬዚዳንቱም ሲለዋወጥ ሳይለወጥ የቆየው ስሙና ደጋፊው ነው።

የታሪክ መምህር ከዚህ ለክፍል ውይይት ጥሩ ርእስ ያገኛል። በአገራችንም ብዙ ክለቦች የሚኖሩት ከከተማ አስተዳደር ወይም ከመንግሥት ድርጅት በሚመደብ በጀት ነው። ተማሪዎች በአካባቢያቸው ያለውን ክለብ መርጠው ሦስት ጥያቄዎችን ያጥኑ፤ ማን መሠረተው? ዛሬ ማን ይከፍልለታል? ከፋዩ ነገ እጁን ቢሰበስብ ምን ይቀርለታል? የሦስተኛው መልስ ክለቡ በእውነት የማን እንደሆነ ያሳያል።