አንበጣ ያልደረሰበት ምግብ

የአገራችን ታሪክ ሲተረክ ነገሥታቱና የጦር ሜዳው ይቀድማሉ። የእርሻው ነገር ቢነሣ እንኳ ጤፉና ገብሱ እንጂ ጓሮው አይታወስም። እኔ ግን ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ የሚለማውን የአዊን ጓሮ ባየሁ ቁጥር፣ ያልተጻፈ ታሪክ በዚያ እንዳለ ይሰማኛል። ታሪኩን የሠሩትም ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ ነፍሳትም ናቸው።

እስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. የዓባይን ምንጭ ፍለጋ በአገው ምድር ሲያልፍ፣ የአገሩ ሰዎች ማርና ሰም፣ ቅቤና ከብት ወደ ጎንደር እንደሚወስዱ ጽፏል። የንብ ሥራ ቤተ መንግሥቱን ይመግብ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ዛሬ ከአዊ ማእድ የማይታጣው ድንች ገና አልታወቀም ነበር።

ድንችን እ.ኤ.አ. በ1858 ወደ አገራችን ያስገባው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር እንደሆነ ይነገራል። ገበሬው ግን ለብዙ ዓመታት ፊቱን አላዞረለትም። ከዚያ ክፉ ቀን መጣ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በሬው በበሽታ አለቀ፤ ዝናቡ ቀረ፤ ከማሳ የተረፈውንም አንበጣና ተምች በሉት። አንበጣ ቅጠልና ዛላ ያወድማል፤ አፈር ቆፍሮ ግን ሥር አይበላም። እህል በአደባባይ ቆሞ ሲበላ፣ ድንች ከመሬት በታች ተሸሽጎ ይቆያል። በሰፊው የተስፋፋው ከዚያ ረሃብ በኋላ መሆኑ እንግዲህ አያስደንቀኝም።

ነገር ግን ሽሽጉ ፍጹም አይደለም። በጋው ሲገፋ አፈሩ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም ግራጫዋ የድንች የእሳት ራት መንገድ ታገኛለች። እንቁላሏን ትጥላለች፤ ትሉም ድንቹን ከውስጥ ይቦረቡረዋል። ድንቹም ራቷም የደቡብ አሜሪካ ተወላጆች ናቸው፤ ስደተኛውን ጠላቱ ባሕር ተሻግራ ተከተለችው። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፦ አፈር ማስታቀፍ፣ ስንጥቁን መድፈን፣ ድንቹ ከደረሰም ሳይውል ሳያድር ማውጣት።

ከእርሷ ይልቅ የማስፈራኝ ግን ክሽክሽ ነው። ከቅጠል ሥር ተጣብቆ ጭማቂ ሲመጥ፣ ከታመመው ተክል ወደ ጤናማው የቫይረስ በሽታ ያሻግራል። ቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት ትንሽ ጥንዚዛ ክሽክሹን ትለቅመዋለች፤ ብቻዋን ግን አትዘልቀውም። በቫይረስ የተያዘ ተክል የሚሰጠው ድንች ትናንሽ ነው። እኛም ትልልቁን በልተንና ሸጠን ትንሹን ለዘር እናስቀምጣለን። ይህ የድህነት ሒሳብ ነው፤ ማንንም አልወቅስበትም። ሆኖም ውጤቱ ግልጽ ነው፦ በየዓመቱ ሳናውቅ በሽተኛውን እየመረጥን ጤናማውን እንጨርሳለን። አንበጣ በአንድ ቀን በጩኸት ያደርገው የነበረውን፣ ክሽክሽ በዝምታ በብዙ ዓመት ያደርገዋል።

ይህን የሚያግድ ብልሃት ከጓሮው አይርቅም። ቅጠሉ ገና ለምለም ሳለ በተክሉ መካከል መመላለስ፣ ያልተጨማደደውንና ያልቀጨጨውን ለይቶ በአጠገቡ እንጨት መትከል፣ ዘሩንም ከምልክቱ ሥር ብቻ ማስቀረት ይበቃል። ቅጠሉ ከደረቀ በኋላ ጤናማውን ከበሽተኛው የሚለይ ዓይን የለም። የክፉ ቀን ልጆች ምግብን ከአፈር በታች መሸሸግን ተምረው አለፉ። ለእኛ የቀረልን ዘሩን ከአፈር በላይ ሳለ ማወቅ ነው።