የማርሞላዳ ናዳና ሰሚ ያጣው ደብዳቤ

የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ታሪክ ስንማር ስለ ቬርደንና ስለ ሶም፣ ስለ መትረየስና ስለ መርዝ ጋዝ በብዛት እንሰማለን። በተራራ አናት ላይ ስለተካሄደው ጦርነት ግን ብዙም አይነገረንም። በ1915 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኢጣሊያ በአውስትሪያ-ሀንጋሪ ላይ ጦርነት ስታውጅ፣ የሁለቱ አገሮች ወታደሮች ዶሎሚቲ በተባሉት የአልፕስ ተራሮች ላይ ፊት ለፊት ተፋጠጡ። ከኢጣሊያ ወገን ከተሰለፉት መካከል አልፒኒ የሚባሉት የተራራ ተዋጊዎች ይገኙበታል። ስማቸው ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ፑስቴሪያ የተባለው የአልፒኒ ክፍለ ጦር በ1936 ማይጨው ላይ ከክብር ዘበኛ ጋር የገጠመው ነው። ዛሬ የማነሳው ታሪክ ግን የነሱ ሳይሆን በባላንጣቸው ሰፈር የደረሰ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። እኛ በረዶ ስንል በክረምት ከነጎድጓድ ጋር ወርዶ ቆርቆሮ የሚደበድበውን፣ ጥቂት ቆይቶም የሚሟሟውን ማለታችን ነው። የአልፕስ በረዶ ሌላ ነው። እንደ ጥጥ ባዘቶ ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል፤ ከወረደም በኋላ ወር ከወር እየተደራረበ ይከመራል። ያ ክምር ከቁልቁለቱ ተንሸራቶ ሲወርድ ነው የበረዶ ናዳ የሚባለው።

ማርሞላዳ 3343 ሜትር ከፍታ ያለው የዶሎሚቲ ዋና ተራራ ነው። በ1916 ከአናቱ በታች፣ ግራን ፖዝ በሚባለው ስፍራ፣ የአውስትሪያ ወታደሮች ከእንጨት የተሠራ ሰፈር ነበራቸው። ቦታው የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከኢጣሊያ መድፍ የተሰወረ ነበር። በካርታ ላይ ለሚያየው የጦር አዛዥ ከዚህ የተሻለ መጠለያ የለም። ችግሩ የነበረው ሰፈሩ ከጠላት ቢሰወርም ከተራራው አልተሰወረም። በላዩ ላይ በረዶ የሚያቁር ትልቅ ቁልቁለት ተንጠልጥሏል።

ይህን ያየ ሰው ነበረ። የሰፈሩ አዛዥ ሻምበል ሩዶልፍ ሽሚት አደጋውን አስቀድሞ ተገንዝቦ፣ ሰፈሩ ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወር ለበላይ አለቃው ለጄኔራል ሉድቪግ ጎይጊንገር በደብዳቤ ጠየቀ። ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም። ሰው ከነበረበት ሳይነቃነቅ የብርዱ ወራት ገባ።

በታኅሣሥ መጀመሪያ በረዶው ለቀናት ያለማቋረጥ ወረደ። የስልክ ሽቦ ተበጠሰ፤ የስንቅ መንገድ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ አየሩ በድንገት የተለወጠው። ብርዱ ላላ፤ ሙቀት መጣ፤ በረዶው ላይ ዝናብ ጣለ። ብርድ ሲያንገበግበው ለሰነበተ ወታደር ይኼ እፎይታ ሊመስል ይችላል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ግን እንዲህ ላለው ነው። ታኅሣሥ 13 ቀን ከመንጋቱ በፊት ናዳው ግራን ፖዝ ላይ ወረደ። ሰዎቹ ተኝተው ነበር። 270 ያህል ሞቱ፤ የአብዛኞቹ አስከሬን እንኳ ወዲያው አልተገኘም። በእኛ አገር የሰገሌ ጦርነት ከተካሄደ ገና ሁለት ወር አልሞላም ነበር። ሻምበል ሽሚት ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ነው። በዚያው ሰሞን በሌሎቹም ተራሮች ላይ ናዳ ከኢጣሊያም ከአውስትሪያም ወገን ብዙ ወታደር ፈጅቷል።

ይህ ቀን በታሪክ «ነጩ ዓርብ» በሚል ስም ይታወቃል። ቀን መቁጠሪያውን ያገላበጠ ሰው ግን ታኅሣሥ 13 ቀን 1916 ረቡዕ እንደነበረ ያገኛል። ታሪክ ለምንማር ሰዎች ይህም ትምህርት ነው፤ ስም ከእውነት ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው።

ለመሆኑ ሙቀት ለምን ይገድላል? በረዶው የሚከማቸው በድርብርብ ነው። ብርዱ እስካለ ድረስ ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው ተያይዘው ክምሩን በቁልቁለቱ ላይ ያቆዩታል። ሙቀት ወይም ዝናብ ሲመጣ ውሃው በመካከላቸው ሰርጎ ይህን መያያዝ ይፈታዋል። ወደ ታች ወርዶ ከጠንካራ ድርብ ወይም ከአለት ላይ ሲደርስም ያሟልጨዋል። ዝናቡ ደግሞ በዚያ ላይ ክብደት ይጨምራል። ስለዚህ ክብደቱ በጨመረበት ሰዓት መያዣው ይላላል። በተለይ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ የሚያዘነብል ቁልቁለት ለናዳ የተመቸ ነው። እርጥብ ናዳ ከደረቁ ይልቅ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ሲቆም ግን እንደ ሲሚንቶ ጥብቅ ይላል፤ የተቀበረ ሰው እጁን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም።

ይህ ሁሉ ያኔ ጨርሶ የማይታወቅ ነገር አልነበረም። የስዊዝ የደን ሹም ዮሐን ኮአዝ በአገሩ ስላሉት ናዳዎች መጽሐፍ ያሳተመው በ1881 ነው። የተራራው ገበሬ ደግሞ ቤቱን የት መሥራት እንደሌለበት ከአያቱ ሰምቶ ያውቃል። የተደራጀው ጥናት ግን ዘግይቶ መጣ። በ1936 ስዊዞች ዳቮስ ከተባለችው ከተማ በላይ፣ ቫይስፍሉዮህ በሚባለው ተራራ ላይ፣ የበረዶ ቤተ ሙከራ አቋቋሙ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ለሕዝቡ መደበኛ የናዳ ማስጠንቀቂያ ማውጣት ጀመሩ። በ1993 የአውሮፓ አገሮች አንድ ዓይነት ባለ አምስት ደረጃ የአደጋ መለኪያ ተስማሙ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ልንል እንችላለን፤ ነገር ግን ጅቡ ተመልሶ የሚመጣ በመሆኑ ጩኸቱ ከንቱ አልሆነም።

ዛሬ በብርድ ወራት አልፕስን የሚወጡ ሰዎች ማስጠንቀቂያውን ሳያነቡ ከቤት እንዳይወጡ ይመከራሉ። በረዶው በሚላላበት ሰሞን በሌሊት ተነሥተው፣ ሌሊቱ ያጠነከረው በረዶ ሳይፈታ ወጥተው ይወርዳሉ። ሰማዩ በደመና ተሸፍኖ ያደረ እንደሆነ በረዶው ሳይጠነክር ሊነጋ ስለሚችል ይጠነቀቃሉ። እግር እስከ ጉልበት ከሰመጠ፣ ትንንሽ የበረዶ ድቡልቡሎችም በራሳቸው መንከባለል ከጀመሩ፣ ተራራው ተናገረ ማለት ነው፤ መመለስ ይሻላል።

ያም ሆኖ አደጋው አልቀረም። ሐምሌ 3 ቀን 2022 በዚያው በማርሞላዳ ላይ፣ በታላቅ ሙቀት ሰሞን፣ ከዘላለማዊው የበረዶ ግግር አንድ ትልቅ ክፍል ተገንጥሎ 11 ሰዎች ገደለ። ይህኛው የግግር መፍረስ እንጂ እንደ 1916ቱ የተከመረ በረዶ ናዳ አይደለም። ይሁን እንጂ በሁለቱም ውስጥ የሙቀት እጅ አለበት። ዓለም እየሞቀች በሄደች ቁጥር ዘላለማዊ የተባለው ግግር ራሱ ዘላለማዊ መሆኑ ቀርቷል።

አንዳንድ ሰው የግራን ፖዝን ታሪክ ሲሰማ «የተፈጥሮ አደጋ ነው፣ ምን ይደረጋል?» ይል ይሆናል። በረዶውስ እውነት ተፈጥሮ ነው። ደብዳቤው ግን የተፈጥሮ አይደለም፤ በሰው እጅ ተጽፎ በሰው ቃል ውድቅ የተደረገ ነው። ከክምሩ ሥር የሚያድረው ሰው የሚያውቀውን፣ ከሩቅ ሆኖ ካርታ የሚያየው አለቃ አልሰማም። ሥልጣኑ በአንዱ ዘንድ፣ ዕውቀቱ በሌላው ዘንድ ሆነና የሁለቱን ዋጋ የከፈሉት የተኙት ናቸው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። እንግዲህ የታሪክ ተማሪ ስለ አንድ አደጋ ሲያነብ የሞቱትን ከቆጠረ በኋላ አንድ ጥያቄ ይጨምር፤ ይህን አስቀድሞ የተናገረ ሰው ነበረ ወይ? ነበረ ከተባለስ፣ ማን ነው ያልሰማው?